ያላነሣሁት ጅራት

ባለፈው መስከረም፣ ባሕር ዳር ከቤቴ ጎን የምትኖረው ወጣት ጎረቤቴ ሰላም በጠዋት በሬን አንኳኳች። ትንሿ ነጭ ውሻዋ ሁለት ቀን ሙሉ መቀመጫዋን ምንጣፍ ላይ ስትጎትት መዋሏን ነገረችኝና «እትዬ፣ እርስዎ የከብት ሐኪም አልነበሩ? የሆድ ትል ይሆን እንዴ?» አለችኝ።

«ትል ላይሆን ይችላል፤ ተነሺ፣ ይዘናት እንሂድ» ብዬ ነጠላዬን ደረብኩ።

የእንስሳት ክሊኒኩ ሐኪም ልጅ እግር ነው። ጓንት አጠለቀ፣ ጣቱን ቅባት አስነካ፣ ያለ አንዳች ማመንታት የውሻዋን ጅራት ወደ ላይ አነሣ። ሁለት ደቂቃ እንኳ አልፈጀበትም። ጥጡ ላይ ቡናማ ወፍራም ፈሳሽ ወጣ። «ውሻ ሁሉ ከፊንጢጣው ግራና ቀኝ ሁለት ትንንሽ ከረጢቶች አሉት» እያለ ለሰላም አስረዳት። «ሲጸዳዳ ፈሳሹ በራሱ ይወጣል። አንዳንዴ ይደፈንና ያሳክከዋል፤ መሬት ለመሬት የሚጎተተው ለዚያ ነው። በጊዜ ከተጨመቀ ቀላል ነው። ከተተወ ግን ይመግላል፤ ሕመሙም ከባድ ነው።»

ሽታው ክፍሉን ሞላው፤ የከረመ ዓሣ ሽታ ነው። ሰላም አፍንጫዋን ይዛ ሣቀች። እኔ በሩን ከፍቼ ወጣሁና ግንቡን ተደግፌ ቆምኩ። ሽታው ያስጠላኝ መስሏቸዋል። ከበረት ሽታ ጋር ዕድሜዬን የጨረስኩ ሴት ነኝ፤ ሽታ አያስወጣኝም። ያስወጣኝ ቡሬ ነው።

ደርግ ከወደቀ ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ዓመት ነበር። ተወልጄ ያደግሁት ፍኖተ ሰላም ነው። የእንስሳት ጤና ረዳትነት ተምሬ ስጨርስ ቡሬ ተመደብኩ። ዶክተር አልነበርኩም፤ አገሬው ግን «ዶክተር» እያለ ይጠራኝ ነበር፤ እኔም አላርማቸውም ነበር። የተማርነው በሬና ላም፣ በግና በቅሎ ነው። ውሻ ያነሣነው ስለ እብደት በሽታ ስንማር ነው፤ ስለ ሌላው ሕመሙ አስተማሪያችን አንድ ከሰዓት በኋላ ቸኩሎ አንብቦልን ነበር። ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ፤ ያኔ ግን ለፈተና እንጂ ለኑሮ የጻፍኩት አልመሰለኝም።

ቡሬ በኅዳር ቀይ ነው። በርበሬ በየሰሌኑና በየጣሪያው ይሰጣል፤ ነፋስ ሲነሣ ሰው እያነጠሰ ሰላምታ ይለዋወጣል። አከራዬ የተቀቀለ ድንች በአዲሱ በርበሬ አዋዜ ታቀርብልኛለች፤ ዓይኔ እያለቀሰ እበላለሁ። ደስተኛ ነበርኩ ማለት ይቻላል። አንድ ነገር ብቻ ይከነክነኝ ነበር። ገበሬዎቹ ሴት ልጅ በሬ ስታክም ለማየት ጉዳያቸው ካለቀም በኋላ ይቆማሉ። አንዱ ፈገግ ባለ ቁጥር ጀርባዬን ይበላኛል።

አያ ይኸነው ውሻውን ይዞ የመጣው በእንዲህ ያለው ቀን፣ በርካታ ከብት ተሰልፎ ሳለ ነው። አያ ይኸነው የወፍጮ ቤት ሞተር ሲያንቀሳቅስ ዕድሜውን የጨረሰ ሰው ነው። ሞተሩ ጆሮውን ወስዶበታል። በግራ ጆሮው በኩል ካልጮኹበት አይሰማም፤ እሱም ሲናገር ይጮኻል። ሚስቱ ሞታ ብቻውን ይኖር ነበር። ውሻውን «ስማልኝ» ብሎ ሰይሞታል። ስሙ ለጎረቤት የሚደርስ አቤቱታ ይመስላል፤ ለእሱ ግን ሥራ ነበር። ሰው በር ላይ ሲቆም ውሻው ጮኾ ብቻ አይተውም፤ ሄዶ ሽማግሌውን ጉልበቱ ላይ በአፍንጫው ይጎነትለዋል። እንግዳም፣ ዝናብም፣ የፈላ ድስትም በዚያ ጉንተላ ይታወቅ ነበር።

«ዶክተር ልጄ!» አለ እየጮኸ። «መቀመጫውን መሬት ለመሬት ይጎትታል፤ ሌት ተቀን ይልሰዋል። ከጅራቱ ሥር ነው የሚያመው። እስቲ እዚያ እይልኝ!»

ሰልፈኛው በሣቅ ፈነዳ። «ደግሞ የውሻ ቂጥ ልታይ ነው?» አለ አንዱ። ፊቴ ጋለ። ውሻ ቤተ ክርስቲያን ግቢ የማይገባ፣ ሰው በእጁ ሲነካው ቶሎ የሚታጠብለት እንስሳ ነው። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ተንበርክኬ ጅራቱን ላነሣ? ሁለት የትል ኪኒን ቆጥሬ በጆሮው ጮኽሁ፦ «ትል ነው አያ ይኸነው! ይህን በእንጀራ ጠቅልለው ይስጡት!»

ትንሽ ተጠራጠረ። ጅራቱን በጣቱ አመለከተኝ። እኔ ራሴን በእምቢታ ነቀነቅሁና የሚቀጥለውን በሬ ጠራሁ።

በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። «አልተሻለውም፤ አሁንስ አብጧል፤ ቁጭ ማለት ሁሉ አልቻለም» አለኝ። እኔ ገጠር ለክትባት ልወጣ የመድኃኒት ሣጥን በበቅሎ ላይ እያስጫንኩ ነበር። ጓንቱ ኪሴ ውስጥ ነው። «ዓርብ ስመለስ አየዋለሁ!» ብዬ ጮኽኩለት። «ዓርብ» አለ እሱም፤ ቀኑን በአፉ ደጋግሞ፣ ውሻውን በገመድ እየመራ ሄደ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ አቧራ ለብሼ ስገባ የክሊኒኩ ኃላፊ አቶ ምንይችል በር ላይ ጠበቀኝ። «ቶሎ ነይ። የወፍጮው ሽማግሌ ውሻ የአለኸኝን ልጅ ነከሰ። አብዷል እያሉ ነው።»

አለኸኝ የአያ ይኸነው የአጥር ጎረቤት ነው። የአምስት ዓመት ልጁ እንደ ልማዷ ከስማልኝ ጋር ስትጫወት ጅራቱን ያዘችው፤ ዞሮ እጇን ነከሳት። ስደርስ የሽማግሌው ግቢ በሰው ሞልቷል፤ ዱላ ያልያዘ ወንድ የለም። ውሻው የአጥሩ ግንድ ላይ ታስሮ ይሽከረከራል፤ የራሱን ጭራ ሊነክስ ይሞክራል፤ ከአፉ ለሃጭ ይንጠባጠባል። ዝንብ ወርሮታል። ከጅራቱ ሥር በቀኝ በኩል የእንቁላል ያህል እብጠት ፈንድቶ ደምና መግል ይወርዳል። ያ የደብተሬ ገጽ ቁልጭ ብሎ ታየኝ።

ውሃ በጣሳ እንዲያቀርቡለት አደረግሁ። ጠጣ። እየተንቀጠቀጠ ሁሉንም ጠጣው። ያበደ ውሻ እንዲህ አይጠጣም።

«ዶክተር» አለ አለኸኝ፤ ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። «አንድ ቃል ንገሪን። አብዷል ወይስ አላበደም?»

ምን ማለት እንዳለብኝ አውቅ ነበር። ውሻው ታስሮ ዐሥር ቀን ይጠበቅ፤ እብደት ከሆነ እስከዚያ ይለያል፤ ልጅቷ ቁስሏ በሳሙና ይታጠብና ሐኪም ቤት ትሂድ። ውሻውን እኔ ቆርጬ መግሉን አፈስስለታለሁ፣ ለብ ባለ የጨው ውሃ አጥባለሁ፣ ፔኒሲሊን እወጋለሁ። ነገር ግን «ቁስል ነው» ካልኩ «ታዲያ ሁለት ጊዜ ሲመጣልሽ ለምን አላየሽለትም?» መባሉ አይቀርም። አቶ ምንይችል ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ «ልጅቷ አንድ ነገር ብትሆን ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ፤ አስበሽ ተናገሪ» አለኝ።

«አላበደም ብዬ እርግጠኛ መሆን አልችልም» አልኩ።

ሌላ ቃል አላስፈለጋቸውም። አያ ይኸነውን ሁለት ሰዎች ክንዱን ይዘውት ነበር። «ምን አለች? ዶክተሯ ምን አለች?» እያለ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ፊት ያያል። የመለሰለት የለም። ስማልኝ ዱላውን ሲያይ ወደ ሽማግሌው ለመሄድ ገመዱን ሳበ። እኔ ፊቴን አዞርኩ።

ውሻው የሚቀበርበት ጉድጓድ ተቆፍሮ ሰው ሲበታተን ከበድኑ ጋር ብቻዬን ቀረሁ። ጓንቴን አጠለቅሁና ጅራቱን አነሣሁ። በጣቴ ስጫነው የቀረው መግል ወጣ፤ ያ ሽታም አብሮ ወጣ። ከዚያ በላይ ሌላ ምንም አልነበረበትም።

ልጅቷን ፍኖተ ሰላም ወስደው እምብርቷ ዙሪያ በየቀኑ መርፌ አስወጓት። ውሻው በሕይወት ቢጠበቅ ኖሮ ብዙው ይቀርላት ነበር። እሷም ዳነች። ውሻው በተገደለ በሦስተኛው ቀን አያ ይኸነው ወደ ክሊኒኩ መጣ። ኮፍያውን አውልቆ በሁለት እጁ ይዟል።

«ልጄ፣ አብዶ ነበር ብላለች አሉኝ» አለ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይጮኽ። «ደንቆሮነቴ ሳያንስ ዕውርም ሆኜ ኖሯል። የሰው ልጅ ላስፈጅ ነበር። አለኸኝን ሽማግሌ ልኬ ይቅርታ ጠየቅሁት። አንቺም ተቸግረሽብኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ።»

ወደ ግራ ጆሮው ጎንበስ አልኩ። ከኋላው ከብት የያዙ ሰዎች ተሰልፈዋል። እውነቱን ለእሱ መንገር ማለት ለቡሬ ሁሉ መንገር ነበር፤ በሹክሹክታ የሚነገረው ሰው አይደለም። አፌን ከፈትኩ። «እግዚአብሔር ያጽናዎት!» ብዬ ጮኽኩ። አመስግኖኝ ሄደ።

ከዚያ በኋላ በሩ ሲንኳኳ የማይሰማ ሰው ሆነ። ጎረቤት እየገባ ትከሻውን ሲነካው ይደነግጥ ነበር። ጥር ላይ እህቱ ፈረስ ቤት ከሚባለው ከተማ መጥታ ወሰደችው። አውቶቡስ ሲሳፈር ከሩቅ አየሁት፤ አልቀረብኩም።

ሁለት ዓመት ያህል ቆይቼ ለክትባት ሥራ ወደ ፈረስ ቤት ተላክሁ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ገብሱ ገና አጨዳ ላይ ነው። ሥራውን ትቼ መጀመሪያ የእህቱን ቤት አጠያየቅሁ። አያ ይኸነው ጋቢ ተከናንቦ ፀሐይ ላይ ተቀምጧል፤ ከስቷል። ሲያየኝ ደስ አለው። ግራ ጆሮው ላይ ተጠግቼ ሁለት ዓመት የተሸከምኩትን ጮኽሁት። ውሻው አላበደም ነበር፤ ቁስል ነበረው፤ ሁለቴ አምጥተውልኝ አላየሁለትም፤ ያኔም እያወቅሁ ዝም አልኩ። እህቱ ገብስ የምታበጥርበትን ሰፌድ ይዛ እንደ ቆመች ቀረች።

አያ ይኸነው ወደ እኔ ዞረ።

«ታዲያ ጤነኛ ነበር?»

«አዎ!»

«ሲመቱት… ወደ እኔ ያየ ነበር። አብዷል፤ ማን እንደሆንኩ አያውቅም እያልኩ ነው እስከ ዛሬ የተጽናናሁ።» ዓይን ዓይኔን አየኝ። «ያውቀኝ ነበር ማለት ነው?»

መልሱን መጮኽ አልቻልኩም። ራሴን ብቻ በአዎንታ ነቀነቅሁ። ጋቢውን ወደ ላይ ሳበና ፊቱን ሸፈነ። እህቱ እስከ አጥሩ በር ሸኘችኝ። ሴትዮዋ አልተቆጣችም፤ ድምፅዋ እንዲያውም የለሰለሰ ነበር። «ልጄ» አለችኝ፣ «አሁን ይህን ለማን ብለሽ ነው የነገርሽው?»

አያ ይኸነው በቀጣዩ ክረምት ማረፉን ሰማሁ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ውሻ አክሜያለሁ፤ ሰው እየሣቀብኝም ተንበርክኬያለሁ። አብረውኝ ለሠሩ ጀማሪዎች ሁሉ ባለቤቱ «እዚህ ነው» ብሎ ያመለከተውን ቦታ ሳያዩ እንዳይሸኙ አስተምሬያለሁ። ለምን እንደማጠብቅ ግን ለአንዳቸውም አልነገርኩም። ክሊኒኩ በር ላይ ሆና ሰላም «እትዬ፣ አመመዎት እንዴ?» ስትለኝ ለእሷም አልነገርኳትም። ዛሬ መጻፌ ራሱ ያስፈራኛል። ሽማግሌው የለም፤ ልጅቷም ትልቅ ሴት ሆና የት እንዳለች አላውቅም። የእህትየውን ጥያቄ ለራሴ ደጋግሜ እጠይቃለሁ። ያኔ ለእሱ ብዬ እንደሆነ አምኜ ነበር፤ አሁን ግን እንዲያ ብዬ ለመማል አልደፍርም።