የሰይድ ጥጥና የእኔ አፍንጫ

አቧራው አይደለም። እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ አፍንጫው የሚፈስ ሰው ሁሉ ጣቱን ወደ መንገዱ ቀስሮ «አቧራው ነው» ይላል። አቧራ ምቹ ተከሳሽ ነው፤ አፍ የለውም። እኔ ግን የልጅነቴ ማስነጠስ ከምን እንደመጣ ከመጀመሪያው አውቅ ነበር።

ባለፈው ወር ከካርቱም ተፈናቅሎ ወደ ከተማችን የመጣ ሐኪም ክንዴ ላይ ጠብታዎች ደርድሮ በመርፌ ጫፍ ነካ ነካ አደረጋቸው። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ ሲያይ የአቧራው ቦታ እንዳለ ነው፤ የሣሩም፣ የጥጡም። አንዱ ብቻ ትንኝ እንደነከሰው አብጧል። «ቤትሽ ድመት አለ?» አለኝ፣ ትልቅ ነገር እንዳገኘ ሰው። አለ። የወንድሜ ልጆች ከጦርነቱ ሲሸሹ በካርቶን ይዘዋት መጥተዋል። «እንኳን ምክንያቱ ታወቀልሽ» አለኝ። እኔ ካወቅሁት አርባ ዓመት ሊሞላው ነው።

ልጅ እያለሁ አባቴ ገበያ ውስጥ ሱቅ ነበረው። በግቢያችን ጥግ ባለችው ክፍል ሰይድ የሚባል ወጣት ይኖር ነበር። ከውትድርና ሸሽቶ ከቋራ የመጣ ነው፤ ቁረይሻ በሚባል የእርሻ ቦታ ሰሊጥ ሲያጭድ ከርሞ ከተማ ገባና ፍራሽ መሙላት ተማረ። ዒድ ሲቃረብ የሰፈሩ ሴቶች የጠጠረ ፍራሻቸውን እያሸከሙ ይመጡ ነበር። ሰይድ ይተረትረዋል፣ ጥጡን ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል፣ ከዚያ ኒም ዛፉ ጥላ ሥር ተቀምጦ በሁለት ቀጫጭን ዘንጎች ይደበድበዋል። ጥጡ እየተነፋ ይነሣል፤ ሽፋሽፍቱም ፀጉሩም ነጭ ይሆናል። በፀሐይ የሞቀ የአሮጌ ጥጥ ሽታ ዛሬም ከየትም ቢመጣ ያቆመኛል።

ወረቀት አልነበረውም። የሚጠብቀው የአባቴ ስም ነበር። ፖሊስ ወረቀት የሌለውን ሐበሻ ሊያፍስ ሲወጣ (አፈሳውን እኛ ከሻ እንለዋለን) አባቴ በር ላይ ቆሞ «ይሄ የእኔ ሰው ነው» ይላቸዋል፤ ያልፉታል።

ትምህርት ቤቴ በዐረብኛ ነበር። አማርኛ ማንበብ ያስተማረኝ ሰይድ ነው፣ በቆርቆሮው በር ላይ በከሰል እየጻፈ። ይህንንም የምጽፈው በእሱ ፊደል ነው። በየመሐሉ ሳስነጥስ «ፊደሉን በአፍሽ ጥሪው እንጂ በአፍንጫሽ ማን አለሽ?» እያለ ያስቀኝ ነበር።

እናቴ ምክንያቱን ሳላገኝ አላርፍም አለች። ዘዴዋ ቀላል ነው፤ በየሳምንቱ አንድ ነገር ከቤት ታስወጣለች። መጀመሪያ ፍየሏ ወጣች። ቀጥሎ የአባቴ ሽቶ። ከዚያ ወተት። ማስነጠሴ አልቆመም፤ ጎረቤቶቻችን «ይማርሽ፣ የርሐሙኪላህ» ማለት ታከታቸው። በመጨረሻ ዓይኗ ጥጡ ላይ አረፈ።

«አንተ ሰይድ፣ እስቲ አንድ ሳምንት ገበያ ውስጥ ሰንብትልኝ። ጥጡንም ይዘህልኝ ውጣ።»

«እሺ እትዬ። ጥጡ ካልሆነስ?»

«ካልሆነማ ትመለሳለህ፤ እኔ ምን ቂም አለኝ!»

እንግዲህ ሰይድ የሚመለሰው እኔ ካስነጠስኩ ነው።

እናቴ የማታውቀው ነገር ነበር። ጫጩቶቼን ፈጀች ብላ ካባረረቻት ድመት የተረፈች አንዲት ግልገል ዐንገሬቤ ሥር፣ ያቺ በገመድ የተጠለፈች አልጋዬ ሥር፣ ደብቄ አሳድግ ነበር። በቀትር ሙቀት ቤተሰቡ ጋደም ሲል ትወጣና አንገቴ ሥር ትተኛለች፤ እኔ አስነጥሳለሁ። ሁለቱን ለማገናኘት ሐኪም አላስፈለገኝም። እናቴ ከጥጡ ቀጥላ አልጋዬን እንደምታገላብጥም ገባኝ። ስለዚህ ድመቷን በዘንቢል ጓደኛዬ ቤት ወሰድኳት። አንሶላዬን ራሴ አጠብኩ፣ ፍራሼን አራገፍኩ። እናቴ ጨዋነቴን አመሰገነች። ሰይድ በወጣ በአራተኛው ቀን አፍንጫዬ ደረቀ።

እናቴ «ጥጡ ነበር!» ብላ እልል አለች።

«ሰው ነው እኮ ሴትዮ፣ የት ይሄዳል?» አላት አባቴ።

«ልጅህስ ሰው አይደለችም?»

ሰይድ ዕቃውን ሊሰበስብ መጣ። ዘንጎቹን አስሮ ሲያበቃ ጎንበስ ብሎ ፊቴን አየና «ተሻለሽ?» አለኝ።

«ተሻለኝ።»

«አልሐምዱሊላህ! እኔ ነኛ የገደልኩሽ» አለ እየሳቀ። የእውነት ደስ ብሎት ነበር። እስከ ዛሬ መዋጥ ያቃተኝ ይህን ነው።

ገበያ ዳር ክፍል ተከራየ። ብዙም ሳይቆይ ከሻ ወጣ፤ በር ላይ የሚቆምለት አልነበረምና ተያዘ። አባቴ ሲሰማ ሮጦ ቢሄድም መኪናው ወደ ድንበር ከተማው ገለባት ተነሥቶ ነበር። በዚያ ዘመን ከውትድርና የሸሸን ሰው ድንበር አሻግሮ መመለስ ምን ማለት እንደነበር የዕድሜ እኩዮቼ ታውቃላችሁ። ድመቷ ደግሞ ወደ እኔ ተመለሰች፤ ማስነጠሱም አብሯት መጣ። እናቴ «ጥጡ ግድግዳው ውስጥ ገብቷል» ብላ ክፍሉን ኖራ አስቀባችው። እሷም አባቴም እውነቱን ከእኔ ሳይሰሙ ሞቱ።

ልጅ ምን ያውቃል ይላሉ፤ ልጅነትም ንጹሕ ነበር እያሉ የሚጽፉ ብዙ ናቸው። የእኔ ልጅነት ሒሳቡን አሳምሮ ያውቅ ነበር፤ በአንድ በኩል ድመት፣ በሌላው በኩል ሰው አስቀምጦ ድመቷን መረጠ። ያኔ ምክንያት ፍለጋው አንድ ሰው በላ። ዛሬ ሩብ ሰዓትና አንድ መርፌ ይበቃዋል፤ ማንም ከቤቱ አይወጣም። የወንድሜ ልጆች ድመቷን እንዲያስወጡ አልጠየቅኋቸውም። ክኒኔን እየዋጥኩ አስነጥሳለሁ። ደግነት እንዳይመስላችሁ፤ ከቤት ማስወጣት እፈራለሁ።

መተማም ሆነ ቋራ ያላችሁ፣ ቀኝ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ያለው ሰይድ የሚባል ፍራሽ የሚሞላ ሰው ታውቃላችሁ? በሕይወት ካለ ስድሳን ተሻግሯል። ይቅርታዬን አታድርሱልኝ፤ እሱን ራሴ እላለሁ። የት እንዳለ ንገሩኝ።