የአስታማሚዋ ማክሰኞ

ሆሳዕና ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የፊዚዮቴራፒ ሥራ የጀመርኩ ዕለት የተሰጠኝ ታካሚ ቀኝ ጎኑ በስትሮክ የዛለበት አስተማሪ ነበር። ከአልጋው ላነሳው የታመመ እጁን ይዤ ሳብኩ።

«ተው! ትከሻው ይወልቃል» አለችኝ የክፍላችን ኃላፊ ሲስተር አስቴር። «ወገቡ ላይ ቀበቶ እሰርና በቀበቶው ያዘው።»

ሥራውን እንዲህ እየተቆጣችኝ ተማርኩት። የዛለ እግር እንዴት እንደሚንቀሳቀስ፣ ሰው ከአልጋ ወደ ወንበር እንዴት እንደሚዛወር አወቅኩ። አስታማሚዎቹን ግን ታካሚውን ስፖርት ጠዋትና ማታ እንዲያሠሩ አዛቸው ነበር እንጂ ሌላ ነገር ጠይቄያቸው አላውቅም።

ከብዙ ዓመት በኋላ አቶ ሸምሱ መጡ። የአዲሎ ሰው ናቸው፤ የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ። ስትሮክ ቀኝ ጎናቸውን ያዛቸው፤ ንግግራቸውም ተሰባበረ። ባለቤታቸው ዘይነባ በየሁለት ሳምንቱ በሚኒባስ ታመጣቸዋለች። እኔ ሀዲያ ነኝ፣ እነሱ ከምባታ፤ የምንግባባው በአማርኛ ነው። ስፖርት ያሠራችበትን ቀን በደብተር ላይ ምልክት ታደርጋለች። ደብተሩን ለሥራ ባልደረቦቼ እያሳየሁ አመሰግናት ነበር።

አንድ ቀን ደብተሩን ስገልጥ አራት ቀን ባዶ ነው።

«ምነው ዘይነባ? አንቺም ሰነፍሽ?» አልኳት።

ተነስታ ወጣች። አቶ ሸምሱን ለባልደረባዬ ትቼ ተከተልኳት። ኮሪደሩ ላይ ቆማ ታለቅሳለች።

«ዶክተር፣ ጥዬው ሄጄ ነበር» አለችኝ። ዶክተር አይደለሁም ብላትም አጠራሯን አትተውም። «ምሳ ሳጎርሰው ተፋብኝ። ሳህኑን አስቀምጬ መንገድ ወጣሁ፤ የመጣው ሚኒባስ ላይ ተሳፈርኩ። ዱራሜ መናኸሪያ ወርጄ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። የሚጠራኝ ሰው የለም። ደስ አለኝ! ስመለስ እንደተውኩት ተቀምጧል፣ ልብሱ ርሷል። ከዚያ ወዲህ ፊቱን ማየት አቃተኝ።»

ሄጄ ለሲስተር አስቴር ነገርኳት።

«ስድስት ወር ሙሉ ስትመጣ እንዴት ነሽ ብለሃት ታውቃለህ?» አለችኝ።

«አላውቅም።»

«እሷ ከወደቀች ሁለት ታካሚ ነው የሚኖረን። ከቤተሰቡ የሚያግዛት ሰው ፈልግ።»

በሚቀጥለው ቀጠሮ የአቶ ሸምሱ ታናሽ ወንድም ኑሪ፣ እኔ አስጠርቼው፣ አብሮ መጣ። አዲሎ ላይ ሱቅ አለው። ዘይነባ ብቻዋን እየደከመች መሆኑን ነገርኩት።

«እኛ እኮ እሷ ጎበዝ ናት ብለን ነው» አለ አንገቱን ደፍቶ።

«ጎበዝም ይደክመዋል» አልኩት። ቀበቶውን ሰጥቼ ወንድሙን ከወንበር እንዲያነሳ አሠራሁት። መጀመሪያ ጊዜ ሁለቱም ሊወድቁ ነበር፤ በሦስተኛው ቻለ። «በሳምንት አንድ ቀን የኔ ይሁን፤ ማክሰኞ ሱቄን እዘጋለሁ» አለ።

አቶ ሸምሱ ቃል እየፈለጉ ወደ ሚስታቸው ዞሩ። «ማክሰኞ... ሂጂ።»

«ሄጄ ምን ልሠራ?»

«ዝም ብለሽ... ተቀመጪ።»

ዘይነባ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ሳቀች። ያን ያህል ጊዜ ስትመላለስ ሳቋን የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ከዚያ በኋላ ማክሰኞ ማክሰኞ ዱራሜ እህቷ ጋ መዋል ጀመረች። ደብተሩ ላይ የማክሰኞው ምልክት በኑሪ እጅ የተጣመመ ነው፤ ግን አልጎደለም። ሲከፋት ለእህቷ ትናገራለች፣ እንቅልፏም ተመለሰ። አቶ ሸምሱ በዓመቱ በከዘራ መስጊድ መድረስ ቻሉ። ምግብ አሁንም አንዳንዴ ይተፋሉ። ዘይነባ ስትነግረኝ እየሳቀች ነው።

እኔም ጡረታ እስክወጣ ድረስ ታካሚውን ከመንካቴ በፊት አስታማሚውን «እንቅልፍ እንዴት ነው? ማን ያግዝሃል?» ብዬ እጠይቅ ነበር። አምስት ደቂቃ ቢወስድ ነው።

በዚህ ሥራ ላይ ላላችሁ፦ ለታካሚው ፕሮግራም ስታወጡ የአስታማሚውን የዕረፍት ቀንም ጻፉ። በዚያ ቀን የሚተካውን ሰው ስም ሳትጽፉ ካርዱን አትዝጉ።