ፊደል ያልቆጠረ አይገባም

ይህን ለነፍስ አባቴም ነግሬ አላውቅም። ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን ተናዝዤ ይህችን አስቀርቼ እመለሳለሁ። ለምን እንዳስቀረኋት ራሴን መጠየቅ አልተውሁም።

ደርግ ከወደቀ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከጎረቤቴ ከአየለች ጋር ባና ልንነግድ ተስማማን። የበግ ጠጉር ሁለታችን እንፈትላለን፣ ሸማኔ ይሠራልናል፣ ብርድ ልብሱን ራቤል ገበያ አውጥተን እንሸጣለን። እኔ አራተኛ ክፍል ስለደረስሁ ፈቃድ የማውጣቱ ነገር ለእኔ ተተወ።

የወረዳው ጸሐፊ በግል ነው ወይስ በሽርክና ማኅበር ብሎ ጠየቀኝ። እኔ የማውቀው ማኅበር በየወሩ ተራ ገብተን የምንዘክረውን የማርያምን ነው። ልዩነቱ ምንድን ነው አልሁት። በግል ከሆነ ትርፉም ዕዳውም የአንቺ ብቻ ነው፤ በሽርክና ከሆነ እኩል ትወስናላችሁ፣ አንዷ ላመጣችው ዕዳ ሌላዋም ትጠየቃለች አለኝ። ማኅበሩም የሕግ ሰውነት ይኖረዋል አለ።

«ሰውነት?» አልሁት።

«አዎ እትዬ፣ እንደ ሰው ይከሳል፣ ይከሰሳል፣ ንብረት ያፈራል።»

«ታዲያ ክርስትና ይነሣል?»

«ስም ታወጡለታላችሁ፤ ክርስትናው ይቅርበት» ብሎ ሳቀ።

እኔን ግን ነገሩ ከነከነኝ። ማንም ያልወለደው ሰው እንዴት ንብረት ይይዛል? ሲሞትስ ያለው ለማን ይሆናል? የልጆቼን በጎች ቢያስወስድብኝ ለማን አቤት እላለሁ? ሁሉንም ጠየቅሁት፣ ሁሉንም ሳይሰለች መለሰልኝ። ስለዚህ አልገባኝም ነበር ማለት አልችልም። ገብቶኛል። ከሁሉ ይልቅ የገባኝ፣ ከአየለች ጋር እኩል እንደምንሆን ነው።

በግል አድርገው አልሁት።

አየለች ደጃፌ ላይ ስትጠብቀኝ አገኘኋት። ምን አሉሽ አለችኝ።

«ፊደል ያልቆጠረ በሽርክና አይገባም አሉ» አልኋት።

ማንም አላለም። እኔ ነኝ ያልሁት። እኔው ነኝ።

«ብቆጥርስ?» አለችኝ። በዚህ ዕድሜሽ ብዬ ሳቅሁባት። እሷም ሳቀች። ከዚያ ወዲያ ለእኔ እየፈተለች፣ ዋጋዋን ከእጄ እየተቀበለች ኖረች።

ከዓመታት በኋላ ሴቶችን በኅብረት ሥራ የሚያደራጅ ሰው ቀበሌያችን መጣ። የምትገቡ እጃችሁን አውጡ ሲል ሁሉም አወጣ። አየለች ብቻ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አድርጋ ቀረች።

«እኔን ሕጉ አይፈቅድልኝም፤ ፊደል አልቆጠርሁም» አለች።

ሰውየው ማን እንዲህ አለሽ ሲላት እንዳስረዳላት ወደ እኔ ዞረች። ያን ጊዜ እንኳ እውነቱን ብናገር ምን ነበረበት? አልተናገርሁም።

«ያኔ ሕጉ እንደዚያ ነበር» አልሁ።

አየለች እፎይ አለች። «አየህ፣ እሷ ታውቃለች» አለችው።

ለልጆቼ ፈርቼ ነው ብል ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ከእሷ እኩል መሆን አለመፈለጌ ነው። ከእናንተ ይቅርታ አልለምንም፤ የዋሸሁት አየለችን ነው። እሷ ግን ዛሬም ወረቀት ሲመጣላት አንብቢልኝ ብላ ወደ እኔ ትመጣለች።