የሰፌድ ላይ ጓሮ

ሐምሌ ሰባ አራት ነበር። ነበር ልበል እንጂ ሰባ አምስትም ሊሆን ይችላል፤ የማስታውሰው ዝናቡን ነው፣ የጅማ ዝናብ ደግሞ ዓመት አይለይም።

ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ለማስተማር እንደተመደብኩ፣ እማማ ሸዋረገጥ ከጊንጆ ሰፈር በታች ባለ የቀበሌ ቤት ጎረቤቴ ነበሩ። የቡልጋ ሰው ናቸው። ባላቸው ሞተዋል። አንድ ልጃቸው ሣህሉ በዚያ በክፉው ጊዜ "መጣሁ" ብሎ እንደወጣ ቀርቷል፤ ይኑር አይኑር የነገራቸው የለም። "ቢመጣ የሚያውቀው ይሄንኑ ደጅ ነው" ይሉ ነበር። ከዚያ ቤት መነሳት የማይፈልጉት ለዚህ ነው።

ቀበሌው ግን በዚያ ዓመት ሦስት ክፍል ለአንድ ሴት ይበዛል ብሎ ከከተማው ማዶ አንዲት ክፍል መድቦላቸዋል። ያቆያቸው ጓሯቸው ነው። በእኛ ሰፈር የዘራ ሰው የዘራውን ሳያነሳ ውጣ አይባልም፤ ሊቀ መንበሩ እሱባለውም የገበሬ ልጅ ነውና ይህን አይደፍርም። እሳቸውም ድንች ሲነሳ ጎመን፣ ጎመኑ ሲያልቅ ነጭ ሽንኩርት እያስከተሉ መሬቱ ባዶውን እንዳይታይ ያደርጋሉ።

ክረምቱ ሲበረታ ግን ይህ ሁሉ ይበሰብሳል። ከአጋሮ በቅርቡ የመጣችው አጥር ተጋሪያችን ዘይቡ፣ በየካቲት የጎደሬ ዘር ይዛላቸው መጥታ ነበር።

"አዴ ሸዋረገጥ፣ ይሄ ዝናብ ይወዳል። ወላሂ፣ ክረምቱን ሙሉ ይቆምልዎታል።"

"እኔ? ጎደሬ? ቡልጋ ቢሰሙ ምን ይሉኛል!"

"ይብሉት አልኩ እንዴ? ይትከሉት ነው ያልኩት!"

ስቀው ከነዘሩ መለሷት።

በሐምሌ ጓሮው ጥቁር ጭቃ ብቻ ሆነ። እሳቸው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው፣ ሰፌድ ጭናቸው ላይ አድርገው የመስከረሙን ጓሮ ያቅዳሉ። የበቆሎ ፍሬ በሰፌዱ ዙሪያ አጥር ሆኖ ይደረደራል፣ የዱባ ፍሬ በውኃ መውረጃው በኩል፣ ቁንጣሪ የጎመን ዘር መሃል ላይ።

"ይቺ ጥግስ?" አልኳቸው።

"የሣህሉ ቃሪያ ናት። ያለ ቃሪያ እህል አይወርድለትም።"

ሳል ይዟቸው ነበር። ባሳላቸው ቁጥር ጓሮው ይደበላለቃል፤ ለቅመው እንደገና ይጀምራሉ።

እሱባለው አንድ ቀን ካፖርቱ እየተንጠባጠበ መጣ። ጭቃውን ዞሮ አየ።

"እማማ፣ የቆመ ነገር የለም እኮ።"

"እንዴት የለም? ና ተመልከት፣ ለመስከረም ያሰብኩትን።" ሰፌዱን አስጠጉለት።

ጎንበስ ብሎ ብዙ አየው። "ጥሩ ጓሮ ነው፣ እማማ። ግን ሰፌድ ላይ ነው።" ቀና ሳይል፣ "እስከ ሰኞ" አለና ሄደ።

እማማ ሸዋረገጥ ወደ አጥሩ ሄዱ። "ዘይቡ! ያ ጎደሬሽ አለ?"

"ውይ አዴ! አሁን ተተክሎ መቼ ይደርሳል?"

ሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ ዕቃቸውን የጫነው የፈረስ ጋሪ ተነስቷል። አልጋቸው ላይ ሰፌዱ ተደፍቷል፣ እሳቸው ከጋሪው ነጂ ጎን ነጠላቸውን ተከናንበዋል። ዘይቡ ደጅ ቆማ ታለቅሳለች። እማማ ሲያዩኝ ወደ እኔ ዞር አሉ።

"አስተማሪ! ሣህሉ ከመጣ ማዶ ናት በለው! አደራ!"

"እሺ እማማ!" ብዬ እጄን አነሳሁ። ያኔ ነው ትዝ ያለኝ፤ እኔም ዘይቡም ሣህሉን አይተነው አናውቅም። ረጅም ይሁን አጭር፣ ቀይ ይሁን ጠይም፣ ልጠይቃቸው በጭቃው ስሮጥ ፈረሱ ቁልቁለቱን ያዘ።