አማቼ መውደቅ ተማረ

የልጄ ባል አስተናጋጅ ነው። በሚሠራበት ምግብ ቤት በስሙ የሚጠራው የለም፤ ሁሉም «ሚዛን» ነው የሚሉት። እዚያ ቤት አዲስ አስተናጋጅ ሲቀጠር አፍ አፋቸው ድረስ ውሃ የተሞሉ ብርጭቆዎች በትሪ ይሰጡትና የጓሮውን ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። ጠብታ ካፈሰሰ ከታች እንደገና ይጀምራል። የቀድሞው አለቃቸው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ «ሰው ቢወድቅ ይነሣል፤ ብርጭቆ ከወደቀ ግን ወደቀ ነው» እያለ ነው ያሳደጋቸው። አማቼ ይህን ቃል እንደ ጸሎት ይዞታል። በገዛ ሰርጉ ቀን እንኳ ከአንዱ አሳላፊ ትሪ ነጥቆ ብርጭቆ ሲያስተካክል ልጄ ኮቱን ጎትታ «ዛሬ እንኳ ሙሽራ ሁን!» ብላዋለች።

የመጀመሪያው ጉድ ሲደርስ እዚያው ነበርኩ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ከሰዓት በኋላ በመስኮቱ በኩል ካለችው ጠረጴዛ ተቀምጬ ሻይ እጠጣለሁ። የወጥ ቤቱ በር አጠገብ ወለሉ ተወልውሎ ገና አልደረቀም። ሚዛን ሾርባ የሞላባቸውን ሳህኖች በትሪ ከትከሻው በላይ ይዞ ሲወጣ ሁለት እግሮቹ ጥለውት ወደ ፊት ሄዱ። በጀርባው ተዘረጋ። ትሪው ግን አልወደቀም። ቀኝ እጁ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ ተሸክሞታል፤ አንዲት ጠብታ አልፈሰሰችም።

ከዚያ አንዱ እንግዳ አጨበጨበ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። እነሱ እያጨበጨቡ ከጭንቅላቱ ሥር ደም በነጩ ወለል ላይ ሲሰፋ አየሁ። በተቀመጥኩበት ደርቄ ቀረሁ። ጭብጨባው ከፊት ጠረጴዛ ጀምሮ ወደ ኋላ እየከሰመ ሄደ። ሚዛን ደግሞ ዓይኑ እየተገለበጠ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ትሪውን ተቀበሉኝ።»

ሐኪሙ አልሸነገለንም። «ምቱ ከኋላ እስከ ዓይንህ ዘልቋል፤ ግራ ዓይንህ ለጥቂት ነው የተረፈው። ይህ ጭንቅላት እንዲህ ያለ ምት ሁለተኛ አይችልም። ቢደገም ዓይንህ ይጠፋል፤ ያውም ዓይንህ ብቻ ከሆነ እድለኛ ነህ» አለው።

ልጄ በዚያው ቀን ሥራውን እንዲተው ለመነችው።

«ትቼ ምን ልሁን?» አላት። «ከዚህ ሌላ ምን አውቃለሁ?»

«ወለሉስ? ነገም ይወለወላል እኮ!»

«እንግዲያው መውደቅ እማራለሁ።»

እኔ ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። «መውደቅ ደግሞ ትምህርት አለው እንዴ? ሕፃን ሁሉ ሳይማር የሚችለውን!»

«አለው፣ አባባ» አለኝ። «ከምግብ ቤቱ ጀርባ የማርሻል አርት አዳራሽ አለ። ሠልጣኞቹ ሲወድቁ ይሰማኛል፤ ሲነሡም ይሰማኛል።»

ቁስሉ ሲድንና ሐኪሙ ፍራሽ ላይ እንዲለማመድ ሲፈቅድለት ጀመረ። እኔም፣ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብዬ፣ አንድ ቀን ሄድኩ። አዳራሹ ቀድሞ የእንጨት መጋዘን ነበር፤ አሁን ወለሉ በወፍራም ፍራሽ ተሸፍኗል። ማስተር የሚሏት አሠልጣኝ ከትከሻዬ የማትደርስ ልጅ እግር ሴት ናት። አማቼ፣ ያ ሁለት ልጆች የወለደ ሰው፣ ነጭ ልብስ ለብሶ ፊቷ ቆሟል። ልብሱን እጅጌው ላይ ያዝ አደረገችው፤ በእግሯ ቁርጭምጭሚቱን ከሥር ጠረግ። ሰውዬው አየር ላይ ነው! ከተቀመጥኩበት ብድግ አልኩ። ልጄ ያገባችው ሰው በዓይኔ ፊት እንደ ጆንያ ተዘረረ።

ቀኝ እጁ ግን ወደ ላይ ቀጥ ብሎ ቀርቷል፤ መዳፉ ጣሪያውን እያየ።

«አስተናጋጅ! ሂሳብ!» አለ አንዱ ሠልጣኝ ከጥግ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሚዛንም ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ማስተር ሁሉንም ዝም አሰኘችና አጠገቡ ተንበረከከች። «ጋሼ ሚዛን፣ አገጭህን ወደ ደረትህ። ጀርባህን አጉብጥ። እጅህ ወደ ታች ይምጣና ወለሉን በክንድህ ምታው፤ ምቱን ክንድህ ይውሰደው። እጅህ ወደ ላይ እንደተዘረጋ ከቀረ ጭንቅላትህ ይወስደዋል።»

«ገብቶኛል፣ ማስተር።»

ጠረገችው። እጁ ወደ ላይ።

በጎን አስወደቀችው፤ እጁ ወደ ላይ። ቁጢጥ ካለበት ወደ ኋላ እንዲንከባለል አደረገችው፤ ያኔ ብቻ በትክክል ወለሉን መታ። ከቆመበት ሲወድቅ ግን ያው ነው።

እንዳትጠርገው መከላከሉንስ ቶሎ ነው የለመደው። የአስተናጋጅ እግር ነዋ! ክብደቱን ፊት እግሩ ላይ አይጥልም፤ ጠራጊው እግር ሲመጣ የራሱን አንሥቶ ያሳልፈውና ሌላ ቦታ ያሳርፈዋል፣ በጠረጴዛ መካከል እንደሚሽሎከለክ። ከወራት በኋላ በልምምድ ግጥሚያ እሱን መጣል ለወጣቶቹ ዳገት ሆነባቸው። እኔም ደረቴን ነፋ አድርጌ ማስተርን «እንግዲህ ሠልጥኗል» አልኳት።

«አልሠለጠነም፣ አባቴ» አለችኝ። «ከመጠረግ ማምለጥን እንጂ መውደቅን አልለመደም። ወለል ደግሞ መጣሁ ብሎ አያስጠነቅቅም።»

ከዚያ ከምግብ ቤቱ ትሪ እንዲያመጣ አዘዘችው። የፕላስቲክ ኩባያዎች ውሃ ሞልታ ደርድራ አሸከመችውና «ስትወድቅ ልቀቀው» ብላ ጠረገችው። ወደቀ። ጭንቅላቱ ፍራሹን ድው አደረገው። ትሪው አየር ላይ፣ ውሃው በኩባያው ውስጥ። «ልቀቀው!» እየጮኸች ደጋገመችው። በየሳምንቱ ያው። አንድ ቀን በጣም ተናዳ ኩባያዎቹን ራሷ ደፋቻቸው፤ አማቼ ፊቱ ላይ ውሃ እየወረደ «ይቅርታ፣ እጄ አልታዘዝ አለኝ» አላት። ያኔ ፈራሁ። ትሪውን አንድም ጊዜ ሳይለቅ የሕመም ፈቃዱ አልቆ ወደ ሥራው የሚመለስበት ቀን ደረሰ።

ልጄ ያን ጠዋት የሸሚዙን ቁልፍ ቆለፈችለት። ለእኔም በር ላይ «አባዬ፣ ሂድና አጠገቡ ሁን» አለችኝ።

ከመስኮቱ አጠገብ ተቀመጥኩ። ምሳ ሰዓት ቤቱ ሞላ። ሚዛን ጭማቂ የሞሉ ብርጭቆዎች በትሪ ይዞ ሲመጣ አንድ ወፍራም ሰውዬ፣ ስልክ እያወራ፣ እግሩን ወደ መተላለፊያው ዘረጋ። አማቼ እግሩን አንሥቶ አሳለፈው፣ ልክ እንደ ተማረው። እፎይ ልል ስል ያሳለፈው እግር ሕፃን ልጅ ባፈሰሰው ሾርባ ላይ አረፈ።

«ወዮ!» ብዬ ተነሣሁ። ምን ላደርግ? የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዤ ቀረሁ።

ቀኝ እጁ ወደ ላይ ሲሄድ አየሁት። አለቀለት አልኩ። ከዚያ ጣቶቹ ተከፈቱ። ትሪው ከእጁ ወጥቶ ጣሪያውን ሊነካ ምንም አልቀረው። አገጩ ደረቱ ላይ ተጣበቀ፤ ጀርባው ጎበጠ፤ ክንዱ ወለሉን ጧ! አደረገው። ብርጭቆዎቹ ከዚያ በኋላ ነው የወረዱት፤ በጠረጴዛው፣ በወንበሩ፣ በወፍራሙ ሰውዬ ስልክ ላይ።

ያጨበጨበ የለም። ሴቶቹ አፋቸውን ይዘዋል። ወጥ ቤቶቹ በበሩ አንገታቸውን አውጥተዋል። ሚዛን ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ የተከፈተች መዳፉን እንደ ሌላ ሰው እጅ ያያታል። ፊቱ መርዶ የሰማ ሰው ፊት ነው።

«አባባ፣ ለቀቅኩት» አለኝ። «ለቀቅኩት እኮ!»

ሥራ አስኪያጁ እየሮጠ መጣ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታልና ስድቡን እጠብቃለሁ። እሱ ግን ስብርባሪውን አየ፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ የአማቼን የጭንቅላት ጀርባ በመዳፉ ዳሰሰ። መዳፉን አገላብጦ አየው። ደረቅ ነው።

«መጥረጊያ አምጡ!» ብሎ ጮኸ። ሚዛን ሊያመጣ ሲነሣ ትከሻውን ይዞ «አንተ አይደለህም። ሂድ፣ አባትህ ጋ ተቀመጥ» አለው።

በዚያ ቤት አስተናጋጅ ከእንግዳ ጋር ተቀምጦ አያውቅም። ወንበር ሳብኩለት፤ ጫፉ ላይ ተቀመጠ። ሻዬን ወደ እሱ ገፋሁለት። ብርጭቆውን ሲያነሣ አዘነበለበትና ሻዩ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። ሶፍት ፍለጋ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ።

«ተወው» አልኩት።

ተወው። ሻዩ እስከ ጠረጴዛው ጠርዝ ሄዶ መንጠባጠብ ጀመረ፤ ሁለታችንም ቁጭ ብለን አየነው።