ጥናት የሚሉት ቃል
ዛሬ አዳማ ጤና ጣቢያ ነርሷ ክንዴን በአልኮል ስትጠርገው ሽታው ልጅነቴን አመጣብኝ። እናቴ የኤች አይ ቪ ቫይረስ ደሟ ውስጥ ነበር፤ እርጉዝም ነበረች። ጎረቤት ብርጭቋችንን እንኳ አይነካም ነበር። እስካሁን ይቅር አላልኳቸውም። ደጃችንን የምትረግጠው አንዲት ሐኪም ብቻ ነበረች።

«እህቴ፣ ደምሽን የምወስደው ለጥናት ነው» አለቻት።

እኔ የማውቀው ለቅሶ ቤት «እግዜር ያጥናችሁ» ሲባል ነው።

«እማዬ ልትሞት ነው?» አልኩ።

ሐኪሟ ሳቀች። «አይ አንተ፣ ጥናት መማር ነው። መድኃኒቱ ሕፃኑን ከቫይረሱ ይጠብቀው እንደሆነ ከእናትህ እንማራለን።»

«ከእኔ?» አለች እናቴ። «ሰላም እንኳ ከማልባለው?» ክንዷን ዘረጋች።

እህቴ ተወልዳ ስትመረመር ከቫይረሱ ነፃ ሆና ተገኘች። እናቴም መድኃኒቷን እየዋጠች አሳደገቻት። ይህን የምጽፍበትን ፊደል፣ ጢም ካወጣሁ በኋላ ያስቆጠረችኝ እህቴ ናት።