በኦዳው ሥር የዋለ ችሎት

ሰው ሁሉ የሚጠይቀው እኔን ነው። «ውባየሁ፣ ባልሽ ይህን ሁሉ ሕግ እያወቀ እንዴት ጸሐፊ ሆኖ ቀረ? ጓደኞቹ አንዱ ዳኛ፣ አንዱ ጠበቃ ሆነው የለም እንዴ?» ይሉኛል። እሱን አይጠይቁትም። ቢጠይቁትም አቀርቅሮ የኮቱን ቁልፍ ይነካካል እንጂ አይመልስም። እንግዲህ እሱ አፍሮ ዝም ካለ እኔ ልናገረው፤ እኔ መቼም አፌን አስሬ መኖር አልችልበትም።

ባሌ ሞቱማ ባይሳ ይባላል። እዚህ ሀገረ ሕይወት ከተማ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ነው። መዝገብ ይይዛል፣ ቃል ይጽፋል፤ ከሁሉ በላይ ግን ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቆሞ ባለጉዳይ ይጠራል። «ከሳሽ እገሌ! ተከሳሽ እገሌ!» ሲል ድምፁ አውቶቡስ ተራ ድረስ ይሰማል። ከገጠር የሚመጣው ሰው ዳኛውን ከሩቅ ነው የሚያየው፤ የሚሰማው የሞቱማን ድምፅ ነው። ስለዚህ ዳኛው እሱ የሚመስለው ብዙ ነበር። መንገድ ላይ ሲያገኙት ባርኔጣ አውልቀው እጅ ይነሱታል። መጀመሪያ ላይ «ኧረ እኔ ጸሐፊ ነኝ» ይላቸው ነበር። እየዋለ እያደረ ግን ማረሙን ተወውና ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ማለፍ ጀመረ። እኔም ከጎኑ ስሄድ ደስ ይለኝ ነበር፣ ምን እዋሻለሁ!

ያን ጊዜ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከወጣ ገና ጥቂት ዓመቱ ነው። አዲስ አበባ የሕግ ትምህርት ቤት ተከፍቷል፤ የመንግሥት ሠራተኛም አለቃው ከፈቀደለትና የመግቢያውን ፈተና ካለፈ ይማራል ተባለ። ሞቱማ ይህን ሲሰማ እንቅልፍ አጣ። ሁለት ጓደኞች አገኘ። አንዱ ፈዬራ ነው፤ አስተማሪ፣ ቀጭን፣ ቀልደኛ፣ ምላሱ የማያርፍ። ሌላው አብዱልወሀብ ነው፤ ገበያው ጥግ ካለው ከአባቱ ሱቅ ጨርቅ ይሸጣል። «ዕድሜዬን ሙሉ አቡጀዲ ስለካ አልሞትም» ብሎ የተነሳ ሰው ነው።

ሦስቱ ሆነው እኛ ቤት ማጥናት ያዙ። እንግሊዝኛው ላይ አብዱልወሀብ ይበልጣቸዋል፣ ሒሳቡን ፈዬራ ያስረዳቸዋል። የከበዳቸው ሌላ ነው። ፈተናው ላይ አንድ ጠብ ይተረክና «ፍረድ፤ ምክንያትህንም ስጥ» የሚል ጥያቄ አለ። ለዚህ መላ ያመጣው ፈዬራ ነው።

«ስሙኝ፣» አለ። «ጠቡን ስትሰማ ልብህ ለማን እንዳደላ እይ። ከዚያ ለሌላኛው ፍረድ። ልብህ ላላደላለት ሰው ምክንያት ፈልገህ ካገኘህ ያኔ ሕግ ተምረሃል።»

በዚህ ተስማሙ። በየጥናቱ አንዱ ዳኛ፣ ሁለቱ ተከራካሪ ይሆናሉ፤ ዳኛው ልቡ ባዘነለት ላይ ይፈርዳል። እኔ ቆሎ እያቀረብኩ እሰማለሁ። አንዳንዴ ፍርዱ አናዶኝ «እንዲህ ያለ ዳኛ ይድፋው!» እላለሁ፤ እነሱ ይስቃሉ።

ቤታችን ጠባብ ነው፤ የጎረቤት ልጆች ጫጫታም አላስጠና ሲላቸው ቅዳሜ ከሰዓት ሁሉቃ ወንዝ ዳር ካለው ኦዳ ሥር መውጣት ጀመሩ። ኦዳ ደግሞ በእኛ አገር ዝም ብሎ ዛፍ አይደለም። ሽማግሌ የሚሰበሰብበት፣ ጠብ የሚበርድበት፣ ነገር የሚቆረጥበት ነው። እዚያ የተባለ ነገር አይታጠፍም። ሦስቱም ይህን አሳምረው ያውቃሉ። ግን ለእነሱ ያን ጊዜ ጥላ ነበር፤ ሌላ ምንም አልነበረም።

አንድ ቅዳሜ እኔም ቆሎዬን ይዤ ተከትያቸው ወጣሁ፤ ዳኝነቱ የሞቱማ ሆነ። ፈዬራ የእኔን ጥቁር ካባ ከቤት አንስቶ ትከሻው ላይ ጣለበት፣ ዱላም አስያዘው። ሳቅን። «ጉዳይ አምጣ» ሲሉት ሞቱማ ከጭንቅላቱ ከመፍጠር ይልቅ ከመሥሪያ ቤቱ አመጣ። ጉደር አጠገብ የምትኖር አየለች የምትባል ሴት አለች። ባሏ ሞተ። የባሏ ወንድም ጉርሙ «ወንድሜ አላገባትም፤ ውል የለ፣ ቄስ የለ፤ አብራው ኖረች እንጂ ሚስቱ አይደለችም፤ ቤቱን ትልቀቅ» ብሎ ከሶ ሲያመላልሳት ከርሟል። ስም መቀየር ማን ከልክሏቸው! አልቀየሩም። አየለችን አየለች፣ ጉርሙንም ጉርሙ አሉት።

በአማርኛ ነበር የጀመሩት። ሰዉ ከገበያ ሲመለስ እያየ መቆም ሲጀምር ግን ፈዬራ ሞቅ አለውና ወደ ኦሮምኛ ዞረ፤ አብዱልወሀብም በዚያው ቀጠለ፤ የገበያ ልጅ ነው፣ አያቅተውም። ዱላ መሬት እየመቱ፣ ወደ ፊት እየተራመዱ ተሟገቱ። አብዱልወሀብ ለአየለች ሲከራከር እኔ እንባዬ መጣ። ሞቱማም አዝኖላታል፣ ፊቱ ያስታውቃል። ስለዚህ በጨዋታው ደንብ በእሷ ላይ መፍረድ አለበት። ተነሳ፤ ያን ድምፁንም ለቀቀው።

«አየለች ሆይ! ለመጋባታችሁ ውል አላመጣሽም። ቤቱን ለጉርሙ አስረክበሽ ውጪ! ፍርዱ ይኸው ነው!»

 ከሰዉ ኋላ አንዲት ሴት ብቅ አለች። ነጠላዋን አውርዳ፣ ወገቧ ላይ አደግድጋ አስራ፣ እጇ መሬት እስኪነካ ዝቅ ብላ እጅ ነሳችና ሄደች። እኛም ጨዋታው የገባት መስሎን ደስ አለን። ፈዬራማ «አየህ፣ እንዲህ ነው ዳኛ!» ብሎ የሞቱማን ትከሻ መታው።

የአየለች ቀጠሮ ቀን ሞቱማ እንደ ወትሮው በር ላይ ቆሞ ጠራ። ጉርሙ ገባ። «ተከሳሽ አየለች!» አለ። የለችም። ደግሞ ጠራ፤ የለችም። ዳኛው «በሌለችበት ይወሰን» ብለው ቤቱ ለጉርሙ ይሁን አሉ፤ ሞቱማም በገዛ እጁ ጻፈው። ሲወጡ ጉርሙ እየሳቀ ጠጋ አለው።

«ጌታዬ፣ ምን ያስጠራዎታል? እርስዎ ራስዎ ፈርደውባት የለም እንዴ? ኦዳው ሥር በፈረዱባት ዕለት ማታ ነው ዕቃዋን ተሸክማ የወጣችልኝ።»

ለምሳ ሲመጣ ፊቱ አመድ መስሏል። እንጀራውን ገፋው።  ሐኪም ልጥራ ወይ ስለው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነገረኝ። ያቺ እጅ ነስታ የሄደችው ሴት ራሷ አየለች ኖራለች፤ እሱ በየቀጠሮው ስሟን ሲጠራ ከመዝገቡ ቀና ብሎ ፊቷን አይቶ አያውቅም።

«እና ለዳኛው ነገርካቸው?» አልኩት።

«አልነገርኩም።»

«ለምን?»

«ፈቃዱን ይከለክሉኛል። ፈተናው ደርሷል። ከፈተናው በኋላ እነግራቸዋለሁ።»

«ወይ ጉድ! እስከዚያ እሷ የት ትደር?»

 ማታ እነፈዬራ መጡ። ፈዬራ «እሷ ተሳስታ ብትወጣ የኛ ጥፋት ምንድን ነው?» አለ፤ ግን ዓይኔን ማየት አልቻለም። አብዱልወሀብ ቆሎውን እንኳ ሳይነካ «አላህ ይቅር ይበለን» ብሎ ተነስቶ ሄደ። ከዚያ በኋላ ማንም መጽሐፍ አልገለጠም። ሞቱማ ሥራ ይሄዳል፣ ይመጣል። መንገድ ላይ እጅ ሲነሱት እንደ ሌባ በጓሮ በጓሮ መሄድ ጀመረ። አሳዘነኝም፣ አናደደኝም፤ ንዴቱ በለጠ።

አንድ እሑድ «ሞቱማ፣ ና ቁጭ በል» አልኩት። «እኔና አንተ የት ነው የተፈራረምነው?»

ደነገጠ። እኛም ውል የለንም። ከአባቴ ቤት ሽማግሌ ልኮ ወሰደኝ፣ ኖርን፤ ያው ነው።

«ነገ አንተ ብትሞት ወንድምህ መጥቶ ውጪ ቢለኝ ማነው ሚስቱ ነበረች የሚልልኝ?»

«መንደሩ ሁሉ ይመሰክርልሻል» አለ። «ሕጉም ይላል፤ እንደ ባልና ሚስት መኖራቸውን የሚያውቅ ሰው ከመሰከረ ይበቃል ይላል።»

«ይህን ያን ቅዳሜ ታውቀው ነበር?»

«አውቀው ነበር» አለ። እንዲህ ብሎ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። እኔም ለራሴ አፈርኩ፣ ለእሱም አፈርኩ። እኔ ልሙት፣ ባሌ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

በማግስቱ ጉደር ወረድን። አየለች ዘመዶቿ ዘንድ ተጠግታ፣ ወፍጮ ቤት በር ላይ የሰው እህል ትለቅማለች። ሞቱማን ስታይ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። ትቢያዋን አራገፈች፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፣ እጅ ነሳች። ወፍጮ ቤት ያለው ሰው ሁሉ ያያል።

«ጌታዬ፣ ቤቱን እንዳዘዙኝ ያኔውኑ ለቅቄያለሁ። ያስቀረሁት ነገር አለ እንዴ?» አለችው።

ሞቱማ አፉን ከፈተ፤ ያ ሁሉ ድምፅ የት እንደገባ እንጃ።

እሷ ቀጠለች። «ፍርድ ቤት ስመላለስ አስተርጓሚው ከሚለው ግማሹ ነው የሚገባኝ። የእርስዎ ግን በቋንቋዬ ነበርና ሁሉም ገባኝ። ቢከፋኝም ገባኝ። ነገሬን ስለቆረጡልኝ እግዜር ይስጥልኝ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሞቱማ እንደ አገሩ አክብሮት «አዴ አየለች» አላትና እየተንተባተበ ተናገረ። ዳኛ እንዳልሆነ፣ ለፈተና ሲለማመዱ እንደነበር፣ ያ ፍርድ ፍርድ እንዳልሆነ፣ ጨዋታ እንደነበር ነገራት። አየለች እሱን አየች፤ ቀጥላ እኔን አየች።

«በእኔ ነው የተጫወታችሁት?» አለች። ቆይታም፣ «በኦዳ ሥር?»

አልጮኸችም፣ አልተራገመችም። ብትራገም ይሻለን ነበር። ነጠላዋን ከወገቧ ፈታ መልሳ ለበሰችና እህሉ አጠገብ ተቀመጠች።

በማግስቱ ሞቱማ ችሎት በሞላ ሰው ፊት ቆመ። ዳኛው ቀስ ብለህ ቢሮ ንገረኝ ቢሉት እምቢ አለ። ተከሳሿ የቀረችው በእሱ ምክንያት መሆኑን፣ ከመዝገብ ያየውን ጉዳይ ለጨዋታ ማውጣቱን አንድም ሳያስቀር ተናገረ። ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ከዚያ ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ አዘዙ። ለሞቱማ ደግሞ፣ «ሥራህን ስላልነጠቅሁህ አመስግን። ለፈተናው የሰጠሁህ ፈቃድ ግን ቀርቷል፤ በሰው ኑሮ የሚጫወት ሰው ለሕግ ትምህርት አልልክም» አሉት። ሞቱማ «ልክ ነው» ብሎ እጅ ነሳ።

በፈተናው ቀን ጠዋት ፈዬራና አብዱልወሀብ አውቶቡስ ሲሳፈሩ ሞቱማ ፍርድ ቤት በር ላይ ሆኖ ባለጉዳይ ይጠራ ነበር። አብዱልወሀብ በኋላ እንደነገረኝ፣ ድምፁን አውቶቡሱ ውስጥ ሆነው ሰምተዋል፤ ሁለቱም መተያየት አቅቷቸው ወደ መስኮቱ ዞሩ። ሁለቱም አለፉ። እንኳን ደስ ያላችሁ ብዬ ዶሮ ሠርቼ ሸኘኋቸው፤ ምን ላድርግ።

የአየለች ጉዳይ እንደገና በታየ ጊዜ እኔም ሄጄ ከኋላ ተቀመጥኩ። የመንደሯ ሰዎች መጥተው ሚስቱ ናት፣ ቤቱንም አብረው ጭቃ አቡክተው ነው የሠሩት ብለው መሰከሩ። የጉርሙ የገዛ አክስት ሳትቀር መሰከረች። ዳኛው ጉርሙ ቤቱን ለቆ እንዲያስረክባት ፈረዱ። አስተርጓሚው በኦሮምኛ ነገራት።

አየለች አልተነቃነቀችም። ደስታም አላየሁባት። ዳኛውን አልፋ፣ አስተርጓሚውን አልፋ፣ ጥግ ላይ አቀርቅሮ ወደሚጽፈው ወደ ሞቱማ ተመለከተች።

«ኦቦ ሞቱማ፣ ይኼኛውስ የእውነት ነው?» ብላ በኦሮምኛ ጠየቀችው።

ኦሮምኛ የሚሰማው ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ። ዳኛው «ምን አለች?» አሉ። አስተርጓሚው ጉሮሮውን ጠረገ፣ አመነታ፣ ከዚያ ነገራቸው። ዳኛውም ወደ ሞቱማ ዞረው «መልስላት» አሉት።

ሞቱማ ብዕሩን አስቀምጦ ቆመ። «አዎ፣ አዴ አየለች። የእውነት ነው» አለ። ከኋላ ያለሁት እኔ እንኳ በግድ ነው የሰማሁት።

«ይማሉልኝ» አለችው።

ስንቱን ምስክር «ማል» እያለ ያስማለው ሰው፣ በዚያ ሁሉ ባለጉዳይ ፊት ቀኝ እጁን አንስቶ ማለላት።  አየለች እስኪጨርስ ጠብቃ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና ለዳኛው እጅ ነሳች። ለሞቱማ ግን አልነሳችም። በፊቱ አልፋ ወጣች፤ እሱም እጁን ማውረድ ረስቶ እንደቆመ ቀረ።